«ካሜራ ሲያይ ፊቱ ይደርቃል»፦ ለጥር ሰርግ ፎቶ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ሰርጋችን ጥር መጨረሻ ላይ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ የእሱ ቤተሰቦች ኮምቦልቻ ናቸው። ቀለበት ስናስር የተነሣነው ፎቶ ሁሉ ጉርድ ፎቶ ይመስላል። እጮኛዬ ካሜራ ሲያይ ፊቱ ይደርቃል፤ የእኔ ፈገግታ ደግሞ የውሸት ነው። ፎቶ አንሺው «ዘና በሉ» እያለ ሲጮህ ጭራሽ ይብስብናል። ሙሽራው 4 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ 7 ሰዓት አዳራሽ እንገባለን፣ በመካከሉ ለፎቶ ፓርክ እንሄዳለን። ተፈጥሯዊ ፎቶ እንዲኖረን ምን እናድርግ?

ምላሽ፦

እህታችን፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። እጮኛሽ ምንም ጉድለት የለበትም፤ ያንቺም ፈገግታ አልተበላሸም። ችግሩ ራስሽ ባነሣሻቸው ሁለት ነገሮች ውስጥ ነው፤ አንዱ «ዘና በሉ» የሚለው ትእዛዝ፣ ሌላው ከ4 እስከ 7 ሰዓት የተጨናነቀው ፕሮግራም። ሁለተኛው የባሰ ነው።

ሰው ካሜራ ፊት የሚደርቀው የሚሠራው ነገር ሲያጣ ነው። ሃያ ሰው ከቦ እያየው፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ሳያውቅ «ሳቅ በል» ይባላል። ትንፋሹን ይይዛል። ትንፋሽ ሲያዝ ትከሻ ከፍ ይላል፣ ጥርስ ይገጥማል፣ ዓይን ይፈጥጣል። ጉርድ ፎቶ ያስመሰላችሁ ይኸው ነው። «ዘና በል» ሲባል ደግሞ የሚሠራው ነገር አይሰጠውም፤ መጨነቁ እንደታወቀበት ብቻ ይነግረዋል። «ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክልላት» ቢባል ግን እጁ ሥራ ያገኛል፣ ዓይኑ ወደ አንቺ ይዞራል፣ ትንፋሹም ይለቀቃል። ጎበዝ የሰርግ ፎቶ አንሺ መልክ አያዝም፤ የሚሠራ ነገር ይሰጣል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ለመጠበቅ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ፕሮግራማችሁ ላይ ያጣነውም ይህንኑ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መንገዱ ዳገትና ጠመዝማዛ ነው። የሰርግ አጀብ ደግሞ በጡሩምባ፣ በዘፈን፣ እየቆመ ነው የሚወጣው። አንድ ሰዓት ያዙለት። 4 ሰዓት የተባለው ሙሽራ 4 ሰዓት ተኩል ወይም ሩብ ጉዳይ ለ5 ደጃችሁ ይደርሳል። በር ላይ ሚዜዎቹ ተይዘው ለምነው እስኪገቡ ድረስ 20 ደቂቃ ይሄዳል። ገብተው፣ ተቀምጠው፣ የቤተሰብ ጉልበት ተስሞ፣ ምርቃቱ እስኪያልቅ 40 ደቂቃ ነው። አንዷ አክስት አልቅሳ ሁሉንም ካስለቀሰች ደግሞ ከዚያም ያልፋል፤ ማለፍም አለበት። መኪና ውስጥ ስትገቡ 6 ሰዓት ሆኗል። ወደ ፓርኩ 15 ደቂቃ፣ ከፓርኩ ወደ አዳራሹ 15 ደቂቃ። ለፎቶ የቀራችሁ ግማሽ ሰዓት ሲሆን፣ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሚዜዎች፣ ቪዲዮ፣ ድሮንና ዘመድ ይጋፋሉ። ፎቶ አንሺው የሚጮኸው ጠባዩ ስለሆነ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ግማሽ ሰዓት ያለው ሰው መጮኹ አይቀርም።

ብርሃኑም በዚያ ሰዓት አያግዛችሁም። በጥር ወር ደሴ ላይ ፀሐይ ከፍታዋ የሚያይለው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ስለሆነች፣ ሰማዩም በጥር ጥርት ስለሚል፣ ብርሃኑ ኃይለኛ ነው። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ዓይን ጉድጓድ ውስጥና ከአፍንጫ በታች ጥቁር ጥላ ይጥላል። ነጩ ቬሎ ይነጣል፣ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ዝርዝሩን ያጣል፣ ሁለታችሁም ዓይናችሁን ታጠብባላችሁ። የጠበበ ዓይን በፎቶ ላይ የተቆጣ ሰው ፊት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን አንድ ነው፤ ፓርኩን ከምሳ በፊት ካለው ፕሮግራም አውጡት።

የት እናግባው ካላችሁ፣ ከምሳ በኋላ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ። እንግዳው በልቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጭፈራው ሲሞቅ ሙሽሮቹ ከመንገዱ በተጨማሪ ለ45 ደቂቃ ቢጠፉ ማንም አይከፋውም። ጥር መጨረሻ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ተኩል ትንሽ ቀደም ብላ ነው። ነገር ግን የጦሳ ተራራ ከደሴ በስተ ምዕራብ ስለቆመ፣ ከሥሩ ባሉት ሰፈሮች የፀሐይዋ ብርሃን ከዚያ በፊት ከተራራው ኋላ ይገባል። «አሥራ አንድ ተኩል እንሂድ፣ ያኔ ያምራል» የሚል ምክር ሜዳ ላይ ላለ ከተማ ይሠራል፤ ደሴ ላይ ግን ጥላ ውስጥ ትደርሳላችሁ። ከሰርጉ ሁለት ቀን በፊት አንድ ሚዜ በዚያው ሰዓት ወደ ቦታው ሄዶ ፀሐይዋ መቼ እንደምትደበቅ ይይና ሰዓታችሁን በዚያ ቁረጡ። ተራራው ከጋረዳት በኋላም ሰማዩ ለተወሰነ ጊዜ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል፤ ለፊት የሚመች ብርሃን ስለሆነ አትደንግጡ።

ሌላው መንገድ ጥንዶቹ ብቻ የሚነሡትን ፎቶ ወደ ሌላ ቀን መውሰድ ነው፤ ለምሳሌ ወደ መልስ ማግስት። ቬሎው የኪራይ ከሆነ የመመለሻውን ቀን በአንድ ቀን ማስረዘም ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልሆነም በሀበሻ ቀሚስና በካባ የተነሣችሁት ፎቶ ከቬሎው ባልተናነሰ ያምራል። በሰርጉ ማለዳ፣ ሙሽራው ሳይመጣ በፊት ተገናኝቶ መነሣትን የሚመክሩ አሉ። እኛ አንመክረውም። ሙሽራውና ሙሽሪት የሚተያዩት በር ተከፍቶ፣ ቤተሰብ ባለበት ነው፤ የዚያን ሰዓት ፊታችሁ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ከሰርጉ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀር የሙከራ ፎቶ ተነሡ። የምታነሣው ወይም የሚያነሣው የሰርጉ ቀን የሚመጣው ሰው ራሱ መሆን አለበት፤ ስቱዲዮው ሌላ ሠራተኛ እንዳይልክ አስረግጣችሁ ተነጋገሩ። አንድ ሰዓት ይበቃል። የዘወትር ልብስ ልበሱ፣ ሰው አታስከትሉ። የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ፎቶ ምንም እንደማይሆን ከወዲሁ እወቁት፤ ሰው ካሜራውን የሚረሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሙከራው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ያንን የድርቀት ጊዜ ከሰርጉ ቀን ላይ ይቀንስላችኋል። ሲጨርስም ፎቶዎቹን ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ እዩ። እጮኛሽ የትኛው ላይ እሱን እንደሚመስል ይናገር። ብዙ ወንዶች ራሳቸውን የሚወዱት ካሜራውን ሳያዩ በተነሡት ላይ ነው፤ የእሱም እንዲያ ከሆነ ፎቶ አንሺው ያንን ይዞ ይመጣል።

ስለ ማለዳው ደግሞ። ሙሽራው 4 ሰዓት የሚመጣ ከሆነ አንቺ 3 ሰዓት ላይ ለብሰሽ መጨረስ አለብሽ። ፀጉርና ሜካፕ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃሉ፤ ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ በአንድ ሳሎን በአንድ ማለዳ ሦስት አራት ሙሽራ ይሰለፋል፤ መዘግየቱ የሚጀምረውም እዚያው ነው። ከቻላችሁ ባለሙያዋን ቤት አስመጡ። የፋውንዴሽኑ ቀለም ከአንገትሽ ጋር ይመሳሰል፤ ከአንገት ሁለት ደረጃ የነጣ ፊት በፍላሽ ሲመታ እንደ ጭምብል ይለያል። አንዳንድ ፓውደርም በዓይን ሲታይ ደህና ሆኖ በፍላሽ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ፈተናው ቀላል ነው፤ በሙከራው ቀን ጨለም ያለ ክፍል ገብተሽ በስልክ ፍላሽ አንድ ፎቶ ተነሺ። እዚያ ከነጣ ሰርጉም ላይ ይነጣል።

የምትለብሽበት ክፍል መስኮት ያለው ይሁን። ወፍራሙን መጋረጃ ክፈቱ፣ ስሱን ተዉት፣ አምፖሉን አጥፉት። የመስኮት ብርሃን ሰማያዊ ቀመስ ነው፣ የአምፖሉ ቢጫ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ግማሽ ፊት ቢጫ፣ ግማሽ ፊት ሰማያዊ ይሆናል፣ ኋላም ለማስተካከል ያስቸግራል። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎንሽን ሰጥተሽ ተቀመጪ። ክፍሉ ውስጥ ከአራት ሰው በላይ አይኑር፤ እናትሽ፣ እህትሽ፣ አንዲት ሚዜ፣ ባለሙያዋ። ፌስታል፣ የልብስ መስቀያ፣ ጀሪካን፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ ማታውኑ ከክፍሉ ይውጡ። ቀሚሱን እናትሽ ወይም እህትሽ ይቆልፉልሽ፤ በዚያ ሰዓት ፎቶ አንሺው አንዲት ቃል መናገር አያስፈልገውም። የእንሶስላው ምሽት ላይ የተነሣ ፎቶም ቢኖር ደስ ይለናል፤ እጅ እየተቀባ ሰው ይጫወታል እንጂ ፖዝ አይሰጥም።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ፣ ጉልበት መሳሙና ምርቃቱ። ከጠቅላላው አልበም ውስጥ ከሃያ ዓመት በኋላ የምትፈልጉት ገጽ ይህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸውም ይኸው ነው። የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። ወላጆች የሚቀመጡት ሶፋ ከመስኮት ጀርባውን ይሰጣል፤ ብርሃን ከኋላቸው ሲመጣ ፊታቸው ይጨልማል። ሶፋውን ማታ አዙሩት፤ መስኮቱ ከጎናቸው ይሁን። ቀጥሎ፣ ስልክ የያዘ ሃምሳ ሰው በመካከል ይቆማል። አንድ ታላቅ ሰው፣ ቢቻል አጎት፣ «ልጆች ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ለአሥር ደቂቃ በዓይናችሁ እዩ» ይበልልን። ከፎቶ አንሺ አፍ ሲወጣ ሰው ይቆጣል፣ ከአጎት ግን ይሰማል። የመጨረሻውና ክፉው ድገሙት ማለት ነው። ቪዲዮ አንሺው አንግሉ አምልጦት «እንደገና ጎንበስ በሉ» ይላል፤ እናት እንባዋን ጠርጋ እንደገና ትስማለች። ያን ጊዜ የሚነሣው ፎቶ ትያትር ነው። ለሁለቱም ባለሙያዎች አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ያመለጠ ያምልጥ፣ ምንም ነገር አይደገምም። ይህን ሲያውቁ ቦታቸውን ቀድመው ይይዛሉ። ፎቶ አንሺው ከወላጆቹ ጎን፣ በርከክ ብሎ፣ ዓይኑ ከእናንተ ዓይን እኩል ዝቅ ብሎ ይጠብቅ። ከላይ ቆሞ ካነሣ የሚያገኘው የተጎነበሰ ጀርባና የቬሎ ዚፕ ነው።

ወሎ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በአንድ ሰርግ ላይ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ዘመድ ይገኛል፤ ማዕዱም እንደየእምነቱ ለየብቻ ይሰናዳል። ከሌላ አገር የመጣ ፎቶ አንሺ ይህን ካላወቀ አንደኛውን ዳስ ጭራሽ ሳይረግጠው ይውላል፤ አልበሙ ሲመጣ የግማሹ ዘመድ ፊት የለም። ሁለቱንም ቦታ፣ የትኛው የት እንደሆነ፣ ጠዋቱኑ አሳዩት። ሽማግሎች መዳፋቸውን ዘርግተው ዱአ ሲያደርጉ፣ ሕዝቡ «አሚን» ሲል፣ ከሩቅ በ85 ወይም በ135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይነሣ እንጂ አጠገባቸው ሄዶ ፍላሽ አይተኩስ። ፎቶ የማይፈልጉ አባቶችና እናቶችም ይኖራሉ፤ ስማቸውን ቀድማችሁ ስጡት።

ተክሊል ካላችሁ፣ ቅዳሴው ውስጥ ምን እንደሚፈቀድ ከደብሩ አስተዳዳሪ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፎቶ አንሺው ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላ ለብሶ፣ ያለ ፍላሽ፣ ካሜራውን ድምፅ አልባ አድርጎ በተፈቀደለት ቦታ ይቆማል። ብዙ ፎቶ አይጠበቅም፤ ካባና አክሊል እንዳደረጋችሁ፣ ከቅዳሴ ስትወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ በማለዳው ብርሃን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ኒካሕ ላላቸው አንባቢዎች ደግሞ፦ ውሉ የሚፈጸመው በጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ፎቶ አንሺው የወሊዩ (ሙሽሪትን የሚድረው አባት ወይም ተወካይ) እና የሙሽራው እጅ የሚጨባበጥበትን ጎን ቀድሞ ይያዝ። የሴቶቹን ክፍል የምታነሣ ሴት ባለሙያ ፈልጉ። ሂጃብ ወልቆ የተነሡ ፎቶዎችን ማን እንደሚያያቸው፣ ማን ኤዲት እንደሚያደርጋቸው፣ በስቱዲዮው ገጽ ላይ እንደማይወጡ በጽሑፍ ይስፈር። ሴቶች ካሜራ ፊት የሚፈቱት ይህ ሲረጋገጥላቸው ነው።

የቤተሰብ የጋራ ፎቶ አሰልቺ ቢሆንም የግድ ነው፤ ስለዚህ አሳጥሩት። የምትፈልጉትን ስብስብ በወረቀት ጻፉ፤ ከአሥር አይብለጥ። ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢያዝ ግማሽ ሰዓት ነው። ከእናንተ ወገን አንድ፣ ከእነሱ ወገን አንድ ዘመድ የሚያውቅ ሰው መድቡና እየጠራ ያሰልፍ፤ ሙሽሮቹ ከቦታቸው አይነቃነቁ። ሽማግሎችና ሕፃናት ያሉበት ይቅደም። ሁለት ረድፍ ከሆነ አፐርቸሩ (የሌንሱ የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ከ5.6 እስከ 8 ይሁን፤ አለዚያ የኋላው ረድፍ ይደበዝዛል። ዓይን የጨፈነ እንዳይኖር ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ «ሦስት» ሲባል ይክፈት፤ ከዚያ አራት አምስት ጊዜ በተከታታይ ይነሣ።

ወደ እናንተ ሁለታችሁ ልመለስ። ከ10 ሰዓት ከሩብ እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ከእናንተ ጋር የሚሄዱት ፎቶ አንሺው፣ ቪዲዮ አንሺውና አንድ ሚዜ ብቻ ናቸው። የተቀረው ዘመድ አዳራሽ ይጨፍር። የሚናገረው አንድ ሰው ይሁን፤ ቪዲዮውና ፎቶው በየተራ «ወዲህ እዩ፣ ወዲያ እዩ» ካሉ እጮኛሽ ተመልሶ ይደርቃል። ጥላ ፈልጉ፤ ግን ሰፋ ያለ ጥላ። የባሕር ዛፍ ጥላ ቅጠሉ ሳሳ ያለ ስለሆነ ፊት ላይ ጠቃጠቆ ብርሃን ይጥላል። የዋርካ ጥላ ወይም የግንብ ጥላ ይሻላል፤ ከጥላው ጠርዝ ላይ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ብሩህ ሜዳው ስጡ።

መጀመሪያ መራመድ። እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ፣ ከወትሮው በግማሽ ፍጥነት፣ ሃያ እርምጃ ሂዱና ተመለሱ። እያወራችሁ ሂዱ፤ ስለ ማለዳው፣ በር ላይ ሚዜዎቹ ስለከፈሉት፣ ስለማንኛውም። ፎቶ አንሺው ስድስት ስምንት ሜትር ርቆ ከሩቅ አቅርቦ በሚያነሣ በ70-200 ሌንስ ያንሣ፤ ያን ያህል ሲርቅ መኖሩን ትረሱታላችሁ። ቀጥሎ መቆም። ክብደታችሁን በአንድ እግር ላይ ጣሉ፣ ሌላውን ጉልበት ልል አድርጉት፤ በሁለቱ እግር እኩል የቆመ ሰው ወታደር ይመስላል። እጮኛሽ አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ አውራ ጣቱን ውጭ ይተው፤ በሌላው እጁ ያንቺን እጅ ወይም የነጠላሽን ጫፍ ይያዝ። ኪሱ ውስጥ ስልክም ቁልፍም አይኑር፤ ሱፉን ያሳብጠዋል። ከዚያ አንቺ በጆሮው አንድ ነገር ንገሪው፤ እሱ ብቻ የሚስቅበትን። ሳቁ ከመጣ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሰከንድ፣ ሳቁ ሲለቀቅና ፊቱ ላይ ጥቂት ሲቀር፣ ያ ነው ምርጡ ፎቶ። ፎቶ አንሺው ሳቁን አንሥቶ ካሜራውን ወዲያው ካወረደ ያመልጠዋል።

ካሜራ የምታዩበት ፎቶም ያስፈልጋል፤ ለእናትሽ ግድግዳ። ለዚያ አንድ ብልሃት አለ። ሁለታችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ አየር ሳቡ፣ በአፋችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ ልቀቁትና ሳትጨርሱ ዓይናችሁን ክፈቱ። ትከሻ ይወርዳል፣ ጥርስ ይላቀቃል። ያን ጊዜ አንድ ሁለት ጊዜ ይነሣና ይበቃል። አንድን አቋቋም ከሦስት ደቂቃ በላይ አትያዙት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ድካም ነው።

ጥር ላይ ደሴ ማለዳና ከ11 ሰዓት በኋላ ይቆረቁራል። እጅጌ የሌለው ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ሲበርዳት ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ትሰበስባለች፤ ፎቶ ላይ ግን ብርድ ሳይሆን ጭንቀት ይመስላል። ሚዜዋ ጋቢ ይዛ ትከተል፤ በፎቶ መካከል ትደርብላት። ጋቢውን ሁለታችሁም ደርባችሁት የተነሣችሁት ፎቶ ከተመረጡት አንዱ ቢሆን አይግረማችሁ። ጉም ከወረደም አትበሳጩ፤ ጉም ብርሃኑን አለስልሶ ለፊት የሚመች ያደርገዋል፣ ፎቶ አንሺውም ብርሃን መጠኑን ትንሽ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ሙቀት አላት፤ እዚያ ያለ ድግስ ላይ ችግሩ ላብና የሚያብረቀርቅ ግንባር ነው፣ ሶፍት ይያዝ። አዲስ ጫማ ደግሞ ሁለታችሁም ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ ቤት ውስጥ አድርጉት። የሚቆነጥጥ ጫማ ፊት ላይ ይታያል። ቁርስም ሳትበሉ አትውጡ፤ ሙሽራ ሁሉን አብልቶ ራሱ የሚውለው በባዶ ሆዱ ነው፣ 8 ሰዓት ላይ ፊቱ ይወድቃል።

ሐይቅ ከተማ ድረስ ለመሄድ ያሰባችሁ እንደሆን፣ ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለሰርጉ ቀን አይሆንም፤ ለመልስ ማግስት አድርጉት። ከተማው ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ስላለ ፀሐይ የምትወጣው ከውሃው ማዶ ነው። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ውሃውን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ብትቆሙ ፀጉራችሁ ጠርዝ ላይ ወርቃማ ብርሃን ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ በዚያው ቦታ ብትቆሙ ግን ፀሐይ ፊታችሁን ትመታለች፣ ያን ጊዜ ጎን ለጎን ዞራችሁ እርስ በርስ ተያዩ። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ ፎቶው ከዳርቻው ላይ ይሁን። ደሴ ውስጥም የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽና የመሳሰሉ ታሪካዊ ግቢዎችን ከወደዳችሁ ፈቃዱ ከሰርጉ በፊት ይጨረስ፤ በቬሎ በር ላይ ቆሞ ከጥበቃ ጋር መነጋገር ደስታን ይገድላል። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሣም።

አዳራሹና ዳሱ። የሚከራየው ድንኳን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሸራ ከሆነ ቀለሙ በሁሉም ሰው ፊት ላይ ይወርዳል፤ ነጩን ምረጡ። የቪዲዮው ላይት ቀጥታ ፊታችሁ ላይ ከበራ ዓይናችሁ ያነባል፤ ላይቱ ከፍ ብሎ ከጎን ይምጣ፣ ነጭ ኮርኒስ ካለም ወደ ኮርኒሱ ይዙር። ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች ይርገበገባሉ፤ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩ (ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበት ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ሲሆን ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር የማየት ዕድል ይቀንሳል። ችግሩ እስክስታው በዚያ ፍጥነት አይያዝም። የትከሻ እስክስታ ጥርት ብሎ እንዲቆም 1/250 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፣ አይኤስኦውም (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ወይም 6400 ይደርሳል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ጭፈራውን የሚያነሣው ለብቻው በተዘጋጀ ፍላሽ መሆኑን ጠይቁት። የምትጨፍሩበት ቦታ ላይ የሚሽከረከረው ባለ ቀለም መብራት ለአንድ ሁለት ዘፈን ይጥፋ፤ አረንጓዴ የሆነ ፊት በኤዲቲንግም አይመለስም።

እጮኛሽ ቀኑን ሙሉ ደርቆ ቢውል እንኳ ጭፈራው ላይ መፈታቱ አይቀርም። ግን ከመጀመሪያው ዘፈን አትጠብቁ፤ ያኔ ሁሉም ሰው ያየዋል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ ጓደኞቹ ከበውት፣ ከረባቱ ላላ ብሎ ሲመጣ ፎቶ አንሺው ምግብ እየበላ እንዳይሆን። እሱን ቀድማችሁ፣ ሙሽሮቹ በሚበሉበት ሰዓት አብሉት። ሰው ሲበላ ፎቶ አይነሣም፤ ያ ሰዓት ለሁላችሁም ዕረፍት ነው።

ውሉን ስትፈርሙ አራት ነገር ይጻፍ፦ የሚያነሣው ሰው ማን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ያልታረሙት ፋይሎች እንደሚሰጧችሁ፣ ፎቶው በሁለት ሚሞሪ ካርድ በአንድ ጊዜ እንደሚቀረጽ። አልበም ሲመርጡላችሁም «ሁሉም ካሜራ የሚያዩበትን» ብቻ እንዳይደረድሩ ምርጫውን ራሳችሁ አድርጉ። ፕሮግራሙን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለፎቶ አንሺው፣ ለቪዲዮ አንሺው፣ ለፕሮግራም መሪውና ለአንደኛ ሚዜዎቻችሁ አንድ አንድ ቅጂ ስጡ፤ 10 ሰዓት ከሩብ የሚለው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርበት፣ ፕሮግራም መሪውም በዚያ ሰዓት ኬክ ቁረጡ ብሎ እንዳይጠራችሁ ከአሁኑ ንገሩት። አብሽሩ።